ያልደረሰ አደጋ አጽናኝ የለውም

መስከረም 12

ይድረስ ለሎጋው ወንድሜ፤

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ አንተን፣ ባለቤትህን፣ ልጃችሁን ሚጡንና ከሁሉም በላይ እናታችንን፣ ጤና ከቤታችሁ ሳይወጣ፣ ሰላም ከደጃችሁ ሳይርቅ ያግኛችሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር የከፋ ነገር የለብኝም። እሱንም ለምጄዋለሁ እላለሁ እንጂ አልለመድኩትም።

ስልክ እያለ ዛሬም ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ተሰክቶ ይውላል፤ ከሥራ ስወጣ ጆሮዬ ይግላል። አንተን በዚያው በደከመ ጆሮ መስማት አስጠላኝ። ደብዳቤህን ግን ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ሻይ ይዤ፣ እየደጋገምኩ አነበዋለሁ። እባክህ ጻፍልኝ።

ሥራዬን በቅጡ ነግሬህ የማውቅ አይመስለኝም። ሐኪሙ በዚህ አገር ቋንቋ ይናገራል፣ በሽተኛው በእኛ፤ እኔ በስልክ መሀል ገብቼ አስተረጉማለሁ። ደንቡ ታዲያ “እኔ” ማለት ነው። በሽተኛው “ኩላሊቴን አመመኝ” ሲል “ኩላሊቱን አመመው” አልልም፤ “ኩላሊቴን አመመኝ” ነው የምለው። እስከ ምሳ ድረስ ሁለት ጊዜ አርግዤ፣ አንድ ጊዜ ሐሞቴን ተቀድጄ፣ ባሌን ሆስፒታል አስተኝቼ እውላለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሽማግሌ ሆኜ ሽንት እምቢ ይለኛል። አለቃዬ “አንቺ ማሽን ነሽ” ትለኛለች። ማመስገኗ ነው።

ሰሞኑን ከአንገቴ እስከ ደረቴ ቀይ ሽፍታ ወጥቶብኛል። ሳሙናው ይሆናል ብዬ ቀይሬአለሁ። አንተ ሐሳብ አይግባህ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። የእማዬን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። እንዳታስቃት፤ ስትስቅ ዓይኖቿ ይጠፋሉ፣ እኔ ደግሞ ዓይኖቿን ነው የናፈቅኩት።

ወረቀቱ ቢያልቅም ሰላምታዋ የማያልቅ፣
እህትህ


ጥቅምት 9

ለተከበርሽው እህቴ፣ ለእታለም፤

የላክሽው ሰላምታ ለሁላችን እኩል ተከፋፍሎ ደርሶናል፤ እናታችን ግን የሁላችንንም ድርሻ ጠቅልላ ወሰደችው። ባለሽበት እንቅፋት አይምታሽ፤ ክፉ ዓይንም ክፉ አለቃም አይይሽ።

እኔ እዚያው የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው ነኝ። መንዳት ያስተምራል ይሉኛል፤ እውነቱን ለመናገር የማስተምረው መቆምን ነው። መኪናዋ በተማሪው በኩል አንድ ፍሬን፣ በእኔ በኩል ሌላ ፍሬን አላት። ተማሪው መሪውን ይዞ ይስቃል፣ ያወራል፤ እኔ እግሬን ፍሬኑ ላይ አንጠልጥዬ እውላለሁ። አሁን አሁን እግሬ ከሥራ መውጣቱን የሚነግረው ሰው ያጣ ይመስላል። ባለፈው ምሳ ላይ ሚጡ ብርጭቆዋን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ስትገፋ፣ ቀኝ እግሬ እኔን ሳያማክር ወለሉን ረገጠው። ጠረጴዛው ተናወጠ፤ ብርጭቆው የወደቀው በእኔው ጦስ ነው። እናታችን ቀና ብላ አየችኝና “ልጄ፣ ይሄ ቤት ወዴት ሲሄድ አይተህ ነው የምታቆመው?” አለችኝ።

ጉልበቴን ያመኛል። እዚያ ጥሩ የጉልበት ማሰሪያ አለ ሲሉ ሰምቻለሁና ከተመቸሽ ላኪልኝ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ሚጡ ከጎረቤት ልጆች ጋር ትምህርት ቤት መሄድ ለምዳ ነበር፤ አስቀርቻት እኔው እየወሰድኳት ነው። መንገዱ የሚታመን አይደለም።

ፎቶውን ይኸው ልኬልሻለሁ። እኔ አላሳቅኳትም፤ ካሜራው ቀጭ ሲል ራሷ ሳቀች። “ዓይኔን ከፈለገች መጥታ ትየው” ብላለች። መቼ እንደምትመጪም ጠይቅልኝ ብላኛለች፤ ይኸው ጠየቅኩሽ።

ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች።

ታናሽ ወንድምሽ


ኅዳር 2

ለሎጋው፣ ለእናቴ ልጅ፤

በወጣህበት ሁሉ መንገዱ ይለስልስልህ፤ ተማሪዎችህም ልብ ይግዙልህ። ፎቶው ደርሶኛል። ዓይኖቿ በእርግጥም የሉም። ግን ከኋላዋ የተሰጣው የሚጡ ቀሚስ፣ የተሰነጠቀው ግንብ፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለው የአንተ ኮት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አየሁ። ኮትህ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። ሰው ከሩቅ ሲሆን ቁልፍ ይቆጥራል።

ማሰሪያውን ልኬልሃለሁ። ግን ጉልበትህ ብቻውን የታመመ አይመስለኝም። አንዱን ተማሪ ጨርሰህ ሌላውን ሳታስገባ ከመኪና ውረድ፣ ትንሽ ተራመድ፣ ውኃ ጠጣ። እንደ ታላቅነቴ ነው የምመክርህ። ራሴ አደርገዋለሁ ወይ ብለህ አትጠይቀኝ።

ሽፍታው አለቀቀኝም። ከሳሙናው ቀጥሎ ትራሱን ጠረጠርኩ፤ ቀየርኩት። ቀጥሎ ላይኛው ፎቅ ግድግዳ የሚበሳውን ጎረቤት ጠረጠርኩ። አሁን ጥርጣሬዬ ሁሉ አጠገቤ የምትቀመጠው ሴትዮ ላይ አርፏል፤ በማዳመጫዬ በኩል ብስኩት ስታደቅ ትሰማኛለች። ለሰው ብነግር የመከራዬ ሁሉ ሥር ብስኩት ሆኖ ሊገኝ ነው።

ሰሞኑን ጊዜ ስላለኝ መስኮቱ አጠገብ ብዙ እቀመጣለሁ።

ባለቤትህ ሁልጊዜ ከደብዳቤህ ግርጌ በራሷ እጅ ሁለት መስመር ትጨምርልኝ ነበር። ዘንድሮ ሰላምታዋን አንተ ነህ የጻፍከው። ምነው፣ ተቀየመችኝ?

ለእማዬ “በቅርቡ” በላት።

እህትህ


ጥር 20

ለእታለም፤

እንዲህ ስጠፋብሽ በክፉ ያላነሣሽኝ እንደሆነ ልብሽን ያስፋልሽ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ዛሬ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

ባለቤቴ አልተቀየመችሽም። ሁለቱን መስመር ያልጻፈችው እኔን ስለተቀየመች ነው። ያኔ ቤት ነበረች፣ ግን አንነጋገርም ነበር፤ ሰላምታውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሚጡን ይዛ እናቷ ቤት ገብታለች።

አልመታኋት፣ አልሰደብኳት፣ በሌላ ሴትም አልሄድኩባት። ጠበቅኋት እንጂ። ገበያ ስትወጣ ደወልኩ፤ ስትደርስ ደወልኩ፤ ስትመለስ ደወልኩ። ሽንኩርት ስትከትፍ “ቢላዋውን ወደ ውስጥ አዙሪው” እላለሁ። ደረጃ ስትወርድ ከኋላዋ ሆኜ “ቀስ” እላለሁ። አንድ ቀን መንገድ ልንሻገር ክንዷን ጨምድጄ ስይዛት ቆመችና፣ “አንተን ሳላገባም መንገድ እሻገር ነበር። እኔ ተማሪህ አይደለሁም” አለችኝ። በሳምንቱ ሄደች። ሚጡ ስትወጣ እጇን ስታወዛውዝልኝ፣ እኔ የማየው ከጀርባዋ የሚመጣውን ታክሲ ነበር።

ከዚያ ደረቴ ጀመረኝ። ተማሪ እያስነዳሁ ደረቴን የሆነ ነገር ጨብጦ ያዘኝ፤ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ላብ አጠመቀኝ። ልቤ ነው፣ አበቃልኝ ብዬ በተማሪው አስነድቼ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው። መረመረኝ፣ በመሣሪያም አየኝ፣ ከዚያ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

“ልብህ የጎረምሳ ልብ ነው” አለኝ። “ምን የሚያስጨንቅህ ነገር አለ?”

“ምንም።”

“ይሄ ምንም የምትለው ነገር መቼ ጀመረህ?”

ሳቄ መጣ። “ክረምቱ ሊወጣ ሲል” ብዬ መለስኩለት፤ ካልኩት በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጡረታ የወጣ የሂሳብ መምህር አስተምር ነበር። ጨዋ ሰው፣ ለመኪናዋ እንኳ “ይቅርታ” የሚል። ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ ሕፃን ያዘለች ሴት መንገድ ገባች። ፍሬን የረገጠ መስሎት ነዳጁን ረገጠው። መኪናዋ ዘለለች። እኔ በበኩሌ የረገጥኩትን አላውቅም፤ እግሬ ነው የሚያውቀው። ከሴትየዋ ቀሚስ አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን። እሷ ዞር ብላም አላየችን። ዳቦዋን ገዛች፣ ሕፃኑን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አስተካከለች፣ ሄደች።

መምህሩ “ይቅርታ፣ ተሳሳትኩ” አለኝ። “ምንም አይደለም፣ ማርሽ ያስገቡና እንቀጥል” አልኩት። ቀጠልን። ከእሱም በኋላ ሌሎች አስተምሬ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ “እንዴት ዋልክ?” አለች። “ደህና” አልኳት። ምን ልበላት? የደረሰ አደጋ ቢሆን ፖሊስ ይጠይቀኛል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ዘመድ “አይዞህ” ይለኛል። ያልደረሰ አደጋ አጽናኝ የለውም። “ዛሬ ሰው አልገደልኩም” ብሎ ማን ያለቅሳል?

ሴትየዋ በሕይወት አለች፤ እኔ ግን በየቀኑ እገድላታለሁ። አንዳንዴ ፊቷ የባለቤቴ ይሆናል፣ ያዘለችው ደግሞ ሚጡን። ክንድ ጨምድጄ የምይዘው ለዚህ ነው።

ይህን ለሰው ስናገር አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ምንም እንድትልኪልኝ አልፈልግም። ብትኖሪ ኖሮ እላለሁ። እዚህ ብትኖሪ ወንበር ስበሽ ትቀመጪ ነበር፤ ምንም ባትዪኝም።

ወንድምሽ


የካቲት 8

ሎጋው፣ ሆዴ፤

ያቺን ሴት ያተረፈ አምላክ አንተንም ከእሷ ያትርፍህ።

ደብዳቤህን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ኮቴን ሳላወልቅ። ታላቅህ ነኝና መጽናናትን ከእኔ ትጠብቃለህ፤ ግን አንተ እውነቱን ከጻፍክ በኋላ እኔ ስለ ብስኩት ባወራልህ ነውር ነው። ብስኩቱን ስጽፍልህ ሥራ መግባት ካቆምኩ ሰንብቼ ነበር። “ጊዜ አለኝ” ያልኩህ ለዚህ ነው።

የሰበረኝ ከባድ ጥሪ እንዳይመስልህ። ከባዱን ስንቱን ተወጥቼዋለሁ። አንዲት እናት ጉልበቷን ለመታየት መጥታ ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን አዘዘላት፤ ጨረሰና “ሌላ ጥያቄ አለዎት?” አላት። “አለኝ” አለች። “ልጄ መቼ ነው የምትመጣው?”

ሐኪሙ የሚመልሰው ነገር አይደለም። ዕድሜ ነው፣ ወይ ብቸኝነት ነው፤ ያገኘችውን ሰው ሁሉ የምትጠይቀው ይመስለኛል። እኔ ግን ደንቤ ነውና በእሱ ቋንቋ፣ በራሴ አፍ፣ “ልጄ መቼ ነው የምትመጣው?” ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ የለም። ሐኪሙ “አስተርጓሚ፣ መስመር ላይ ነሽ?” ይላል። እናትየዋም ዝምታውን ሰማች። “ልጄ፣ ምን ሆንሽብኝ?” አለች። እኔን ነው። የማታውቀኝን። ማዳመጫውን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፤ ከውስጡ የሁለቱ ድምፅ እንደ ንብ ሲጮህ ይሰማኛል፤ እጄን ዘርግቼ ማንሣት አቃተኝ።

መሥሪያ ቤቱ ወደ አንዲት አማካሪ ላከኝ። ስለ ሥራዬ ብዙ ከነገርኳት በኋላ “ከአንዱ ጥሪ ወደ ሌላው ስትሄጂ መሀል ላይ ማን ነሽ?” አለችኝ። መሀል የሚባል ነገር አልነበረኝማ። አንዷን ሴት ሳላወልቅ ሌላዋን እደርባለሁ። አሁን ያስተማረችኝ ቀላል ነገር ነው። ጥሪው ሲያልቅ ማዳመጫውን አውልቄ እቆማለሁ፣ እግሬ ወለሉን መርገጡን አያለሁ፣ የራሴን ስም ድምፄን አሰምቼ እጠራለሁ። “ያ የእሷ ነው፣ ይሄ የእኔ ነው” እላለሁ። መጀመሪያ እንደ እብድ ቆጠርኩት። ከሳምንት በፊት በግማሽ ቀን ሥራ ጀምሬአለሁ። ሽፍታው አልጠፋም፤ ደብዝዟል።

ግን የእኔ የሆነው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። የሰዎቹ በሽታ አልነበረም። የእነሱን መከራ ቀኑን ሙሉ ስለብስ የራሴ አይታየኝም ነበር፤ ለዚያም ይመስለኛል የሰው ፈረቃ ሳይቀር እየለመንኩ የምሠራው። እማዬ በስልክ “መቼ ትመጫለሽ?” ስትለኝ “በቅርቡ” እያልኩ ስንት ዓመት ሆነኝ። መምጣቱን አይደለም የምፈራው። መመለሱን ነው። እፊቷ ቁጭ ብዬ ዳግመኛ ሻንጣ መዝጋት።

አሁን እህትነቴን ልጠቀምበትና ላዝዝህ። ለእኔ የጻፍከውን ለባለቤትህ ንገራት። ደብዳቤ አይደለም፤ በአፍህ። “ጥፋቴ ነው፣ ተመለሽ” ብለህ አትጀምር። ከዳቦ ቤቱ ጀምር።

እህትህ


መጋቢት 11

ለእታለም፤

ምክርሽን በወርቅ የማልለውጠው እህቴ፣ ጤናሽ ይመለስልሽ፤ ስምሽንም አንቺ ብቻ ሳትሆኚ የሚወዱሽ ይጥሩልሽ።

ቅዳሜ ከሰዓት አማቴ ቤት ሄድኩ። አማቴ በሩን ከፈተችና ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ “ከስተሃል” ብላ አሳለፈችኝ። ባለቤቴ ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና አላለችም። ከዳቦ ቤቱ ጀመርኩላት። ስለ ሴትየዋ ቀሚስ ስነግራት እጇ ቆመ።

“ለምን አልነገርከኝም?” አለችኝ።

“ምንም ስላልተፈጠረ።”

“እንዴት አልተፈጠረም? ይኸው እኔ ከቤቴ ወጥቻለሁ።”

“ለእታለም ጽፌላት ነበር፤ ለእሷ በአፍህ ንገራት አለችኝ” አልኳት።

“ለእህትህ ነው መጀመሪያ የነገርካት?”

“እሷ ሩቅ ናት። ስናገር ፊቴን አታይም።”

ጀርባዋን ሰጥታኝ ዞራ ተቀመጠችና የሚጡን ካልሲዎች ማዛመድ ጀመረች። “እኔም ፊትህን አላይም” አለች። “ከመጀመሪያው ንገረኝ።”

እንደገና ነገርኳት። አሁን ያለቀስኩት ለሴትየዋ ይሁን ለራሴ አላውቅም። አማቴ ከጓዳ ሰምታ ኖሮ ሻይ ይዛ ገባች፤ ሦስት ስኳር ጨመረችልኝ።

የዚያኑ ዕለት አልተመለሰችም፤ አላታልልሽም። በሌላው ሳምንት መጣች፣ በውል ነው። በየሰዓቱ መደወል የለም። ሚጡ ከጎረቤት ልጆች ጋር ትሄዳለች። መጀመሪያ የሄደች ዕለት አጥሩ ጋ ቆሜ እጄን ኪሴ ከትቼ አየኋት፤ ቀላል አልነበረም፤ ዛሬም አይደለም። ደረቴ ሲጀምረኝ ሐኪሙ እንዳሳየኝ አየር ቀስ ብዬ አስገብቼ ከዚያ በላይ ቀስ ብዬ አስወጣለሁ፤ ያልፋል።

ሥራ ቦታ ደግሞ አንድ ነገር ሆነ። ሻይ ላይ ለባልደረቦቼ የዳቦ ቤቱን ነገር አነሣሁባቸው። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ፣ ቀልደኛው፣ ብርጭቆውን አስቀመጠና “የእኔው ደግሞ፣ ብስክሌት የያዘ ልጅ ነበር” አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ለሚስቱም አልነገረ። ከዚያ ሌላው ቀጠለ። ለካ ሁላችንም ያልገደልነው ሰው አለን። አሁን ዓርብ ዓርብ እንደዚያ እንጫወታለን፤ አለቃችንም በተማሪና በተማሪ መሀል የምንወርድበት ጊዜ ሰጥቶናል።

አንድ ነገር ሳላስፈቅድሽ አድርጌአለሁና ተቆጪኝ። የዚያችን እናት ጥሪ ለእናታችን ነገርኳት። በማግስቱ “ወረቀት አምጡ” አለች። እሷ እየተናገረች ባለቤቴ የጻፈችው ይኸውልሽ።

ወንድምሽ


ለልጄ፤

ዓይኔ ፊደል አልለይ ስላለኝ በምራቴ እጅ ነው የምጽፍልሽ። አንዳች ነገር እንዳትጨምር አስምዬአታለሁ። ጤናሽን ይስጥሽ፤ የተናገርሽው ይሰማልሽ፤ ዝም ስትዪም የሚረዳሽ አትጪ።

ጥያቄዬ አሳመመሽ አሉኝ። ተቀይሜ ነበር። አድሬበት ሳስበው ግን ሌላ ምን ልጠይቅሽ ኖሯል? የምትኖሪበትን አላውቀው። “ጎረቤትሽ እንዴት ናት?” እንዳልል ጎረቤት ይኑርሽ አይኑርሽ አላውቅም። “ደረጃው አላደከመሽም?” እንዳልል ደረጃ ይኑረው አላውቅም። ስደውል “ደህና ነኝ፣ ሥራ ነው፣ በቅርቡ” ትዪኛለሽ። ከዚያ ወዲያ ለእናት የሚቀራት “መቼ ትመጫለሽ” ብቻ ነው። የማውቀው መንገድ ከአንቺ ወደ እኔ የሚመጣውን ብቻ ነዋ።

እንግዲህ እሱን ትቼዋለሁ። ሌላ ንገሪኝና ሌላ ልጠይቅሽ። በመስኮትሽ ምን ይታያል? አትክልት ከማን ትገዣለሽ? ሰው ስቆ ያናግርሻል? ይሄን ካወቅኩ፣ ባትመጪም አንዳንዴ እኔ በሐሳቤ መጥቼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።

እናትሽ

እኔ ነኝ፣ ምራትሽ። አትጨምሪ ብላኝ ነበር፤ ይህን ስታጽፈኝ ግን ሁለት ጊዜ ተነሥታ ጓዳ ገብታለች።


ሚያዝያ 3

ለእማዬ፤ ሎጋው ያንብብልሽ፣ እሱም ይስማ፤

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትሽን ያጽናልኝ።

የምመጣው በሰኔ መጀመሪያ ነው። ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል። አንድ ወር እቀመጣለሁ፤ ከዚያ እመለሳለሁ። ሁለቱንም አንድ ላይ የምነግርሽ አንዱን ስደብቅ ስለታመምኩ ነው። ሻንጣዬን ስዘጋ እናለቅሳለን፤ እናልቅስ።

ጎረቤት አለኝ። ደረጃም አለው፣ ያደክማል። በመስኮቴ የሚታየው የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፤ ሰዎች ተቀምጠው ልብሳቸው ሲሽከረከር ያያሉ፣ እኔ እነሱን አያለሁ። ዝናብ ሲሆን መስታወቱ ጭጋግ ይለብስና ሰዎቹ ጥላ ብቻ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ነው በጣም የምትናፍቂኝ፤ ለምን በዚያ ሰዓት እንደሆነ አላውቅም።

አትክልት የምገዛው ከአንድ ሸበቶ ሰውዬ ነው። ቲማቲሙን ራሱ መርጦ ይሰጠኛል፤ ሰው እንዲነካበት አይወድም። ለዓመታት ከ“እንደምን ዋልሽ” በቀር ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ዓይኔን አይቶ ነው መሰል፣ ሚዛኑን ተወና “ለመሆኑ አገርሽ የት ነው?” አለኝ።

“እናቴ ያለችበት” አልኩት።

“ሩቅ ነው?”

“ሩቅ ነው።”

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወንበር አመጣልኝና “እስኪ ስለ እሷ ንገሪኝ” አለኝ። ተቀመጥኩ፤ ስለ አንቺ ስነግረው ዋልኩ።